ለልጁ የተቀመጠ እንቁላል

እትዬ፣ ሴት ስትወልድ ፀጉሯ የሚረግፈው ለምንድነው? ይኸው ከወለድኩ ዘጠኝ ወር ሙሉ ስጠይቅ የሚመልስልኝ አጣሁ። ማበጠሪያዬን ቢያዩት እኮ በግ የተሸለተበት ይመስላል!

እስቲ ያንን ጫፍ ይያዙልኝማ፣ አንሶላውን አብረን እንጭመቀው። የእንግዳዋ ክፍል መስኮት ክፍት ነው እንዴ? ተዉት፣ ተዉት... ንጹህ አየር ለቆዳ ጥሩ ነው አሉ። ድምፄ ጮክ አለ መሰለኝ? ልማዴ ነው።

ይህን የቆዳ ነገር ያወቅኩት ከአንዲት ልጅ ነው። ስም አልጠራም። የወንድሟን ሚስት ላግዝ፣ ልጅ ልያዝላት ብላ የመጣች... እንዴት ያለች ጎበዝ መሰለችዎ! የጤና ጣቢያዋ ነርስ ልጄን የመዘነችው ቀን፣ «ቆዳም ፀጉርም ጥፍርም የሚያምረው ከሚበላው ነው፤ እንቁላል፣ አቮካዶ፣ ካሮት ስጪው። አንቺም ውሃ ጠጪ፣ እንቅልፍ ተኚ» አለች። እኔ ደንቆሮዋ በማግስቱ ረሳሁት። ልጅቷ ግን ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው፤ አንዱንም አላጓደለች። ውሃውን ትጠጣለች። እንቅልፉንማ እኔና ልጁ ስናለቅስም ትተኛለች... እንዲህ ያለ ሰላም ከየት ይገኛል? ጥፍሯንስ አይተውታል? ሳሙና ይሰባብረዋል ብላ ሰሃን ነክታ አታውቅም። የኔን አይዩት፣ ያሳፍራል።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? የኛ ቤቱ መሄድ ሰለቸውና ሰው ራስ ላይ ወጣ! ለልጁ ያስቀመጥኳቸው ሁለቱም ተመትተው ፀጉሯ ላይ ዋሉ። ግን ፀጉሯን ቢያዩት... እንደ መስታወት ነው፣ እውነቴን ነው።

ትናንት ደግሞ አቮካዶና አስኳል አድቅቄ በልጁ ኩባያ አስቀመጥኩና ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። ስመለስ ኩባያው ባዶ፣ ፊቷ አረንጓዴ! ልጄን አቅፋዋለች፤ እሱ ጉንጯን ይልሳል። «አየሽ እንዴት እንደሚወደኝ፣ ስሞ አይጠግብም እኮ!» ትለኛለች። ቁንጅና አይበላም ያለው ማነው? ልጄ በላው! ከአገጯ ጀምሮ እስከ ቅንድቧ ጠረገው። ሳቄ መጣ... እንባዬም አብሮ።

ሐሙስ ይመዘናል፣ እትዬ። ባለፈው ወር ምንም አልጨመረም። አሁንም የሚዛኗ መርፌ ካልተነቃነቀች ነርሷ ሆስፒታል እልከዋለሁ ብላለች። ለባሌ ብነግረው «እህቴን ልታባርሪ ነው?» ይለኛል። ዝም ብል ደግሞ ልጄ... ምን ላድርግ? እንቁላሉን እርስዎ ቤት ላስቀምጥ ወይስ ማንኪያ ይዤ ልጁን ጉንጯ ሥር ላስቀምጠው? እስቲ ይምከሩኝ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?

እኔ እኮ ክፉ አልመኝላትም። ቆንጆ ናት፤ እግዜር ከዚህም በላይ ያሳምራት። ቶሎ ትዳር ይስጣት፣ የራሷን ልጅ ታቅፋ ለማየት ያብቃን... ልጇንም የምታይላት፣ ልክ እንደ እሷ ያለች አክስት አይንሳት።