አሮጌውን ሱቅ እንዳትዘጊው

ወደ የካ አባዶ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ የሀበሻ ቀሚስ በኢንተርኔት የምትሸጥ ሴትና ዌብሳይቷን ወደ አዲስ ሲስተም የሚያዛውርላት ወጣት ተቀምጠዋል።

«አዲሱ ሱቅ ነገ ይከፈታል። አሮጌውን ግን እንዳትዘጊው።»

«ሁለት ሱቅ ምን ያደርግልኛል?»

«ሰው ሰርች ሲያደርግ የሚያገኘው አሮጌውን አድራሻ ነው። ከዘጋሽው፣ ከላይ የነበረው ስምሽ ወደ ታች ይወርዳል።»

«ታዲያ ‹ተዛውረናል› ብለህ ለጥፍበታ!»

«በሩ ላይ ብቻ አይበቃም። የእያንዳንዱ ቀሚስ አሮጌ ገጽ ወደዚያው ቀሚስ አዲስ ገጽ መምራት አለበት።»

«ያ ሁሉ ቀሚስ? ገዢዎቹን ዋናው ገጽ ላይ አድርሳቸው፣ ከዚያ ራሳቸው ይፈልጉ።»

«አባዶ ኮንዶሚኒየም የገባሽ ሰሞን እንግዶችሽን ምን ብለሽ ጠራሽ?»

«አባዶ ነኝ፣ ኑ አልኳቸው።»

«መጡ?»

«ብሎኩ ሁሉ አንድ ዓይነት! ደውለው እንዳይጠይቁ ኔትወርክ የለ። ዞረው ዞረው ተመለሱ፤ ዶሮውን ለብቻዬ በላሁት።»

«ገዢም እንደዛው ዞሮ ይሄዳል። ሰርቹም ይረሳሻል።»

«በል አንድ በአንድ ምራልኝ። ለፋሲካ የሚያዙኝ ውጭ ያሉት ናቸው፤ እነሱን ካጣሁ አለቀልኝ።»

እኔ ደግሞ «አባዶ ገብታለች» ብቻ ተብዬ፣ የብሎክ ቁጥሯን ሳልይዝ ለምጠይቃት አክስቴ የያዝኩትን ሙዝ ጭኔ ላይ አስተካከልኩ።