ብርዱ ያልሠራው ጥፋት

ክቡራትና ክቡራን፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም ዳቦ ይቆረሳል ሲባል ከየዋርዱ ሹልክ ብላችሁ የመጣችሁ በሙሉ፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ በሥራ ቀን ይህን ሁሉ ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ ማስቀመጣቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ስለሸለማችሁኝ ብርድ ልብስም አመሰግናለሁ። የደብረ ብርሃን ሰው አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ብርድ ልብስ ሲሸልም፣ ወይ እዚያም ይበርድሃል እያለው ነው፣ ወይ በላብ እንዲያልቅ ፈልጎ ነው። የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ስለ መሄዴ ካፍቴሪያ የሚወራውንም ሰምቻለሁ። የግል ሆስፒታል አግኝቶ ነው ያላችሁ አላችሁ። ሊያገባ ነው ያላችሁም አላችሁ፤ ይህኛውን እናቴ ብትሰማ ደስ ይላት ነበር። እውነቱ ያን ያህል አይጥምም። የልብ ቀዶ ሕክምና ለሚደረግላቸው ሰዎች ሰመመን መስጠትን ሁለት ዓመት ልማር ነው። ፌሎሺፕ ይሉታል። ስምንት ዓመት ሰመመን ሰጪ ሐኪም ሆነው ከሠሩ በኋላ እንደገና ደብተር መያዝ ማለት ነው።

ሜዲካል ዳይሬክተራችን ዶክተር ዘሥላሴ የድጋፍ ደብዳቤውን ሊፈርሙ ሲሉ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና፣

«ቃለ አብ፣ እኛ እዚህ ልብ አንከፍትም። ተምረህ ስትመጣ ምን ትሠራልናለህ?» አሉኝ።

«የማይከፈተውን ልብ እጠብቃለሁ።»

«ይሄ ለሬዲዮ ይሆናል። ለእኔ በደንብ ንገረኝ።»

ለእሳቸው የነገርኳቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ። ግማሻችሁ በቦታው ነበራችሁ፤ ስሳሳት አርሙኝ።

ዙቤዳን ታስታውሳላችሁ። የዛሬ ዓመት ገደማ ከአልዩ አምባ የመጣች፣ የሃያ ስድስት ዓመት ነፍሰ ጡር። ምጡ አልገፋ ብሎ በኦፕራሲዮን መውለድ ነበረባት። ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት እንደሆነ ጠየቅኳት። «እርጉዝ ነኝ፤ አንኮበር ድረስ ደግሞ ዳገቱን አንተም ታውቀዋለህ። ለማን አያጥርም?» አለችኝ። ሳቅን። ወገቧ ላይ የማደንዘዣውን መርፌ ሰጠኋት።

ልጅ ተወለደች፣ አለቀሰች፤ ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። ያኔ እናትየዋ ጣት ላይ የሰካነው የኦክስጅን መለኪያ መውረድ ጀመረ። ዘጠና አንድ የነበረው ሰማንያ ስድስት፣ ቀጥሎ ሰማንያ አንድ።

እኛ ክፍል ይህ ቁጥር ሲወርድ ምን እንደሚባል የማያውቅ አለ? «ጣቷ በርዷት ነው።» ለአዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የምናስተምረው እሱን ነው። ጓንት ውስጥ ሙቅ ውሃ እንሞላለን፣ አፉን እናስራለን፣ በሽተኛው መዳፍ ላይ እናስቀምጣለን፤ ቁጥሩ ይመለሳል። እንግዶች መጥተው ፎቶ ሁሉ አንስተውልናል። አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነን። የጎዳንም እሱ ነው።

«ጓንት አምጡ» አልኩ።

ሲስተር አልታየች የዙቤዳን እጅ ይዘው ነበር። «ዶክተር፣ እጇ እኮ ይሞቃል» አሉኝ።

«ጓንቱን ያምጡልኝ፣ ሲስተር።»

«ይሞቃል እያልኩህ ነው።»

ግን አመጡት። መዳፏ ላይ አስቀመጥኩና ቁጥሩ እስኪመለስ ጠበቅኩ። ዙቤዳ «ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ መሰለኝ» አለች። «አይዞሽ፣ ያልፋል» አልኳት። አራት ደቂቃ ጠበቅኩ። አራት መሆኑን በኋላ ከማሽኑ ላይ ነው ያነበብኩት። ከዚያ ሳለች፤ አፏ ላይ የመጣው አረፋ ሮዝ ነበር።

በልጅነቷ የያዛት የጉሮሮ ሕመም ልቧ ላይ ጠባሳ ትቶ፣ አንዱ የልቧ በር ጠብቦ ኖሯል። ልጅቷ ስትወጣ ከማህፀን ወደ ልብ የተመለሰውን ደም ጠባቡ በር አላሳልፍ አለ፤ ፈሳሹ ሳንባዋን ሞላው። የቀረውን ታውቃላችሁ። ቱቦ፣ መድኃኒት፣ ስድስት ቀን ጽኑ ሕሙማን ክፍል። ተረፈች።

የማታውቁት ይህ ነው። የሰመመን መዝገብ ቅጿ ላይ «መጀመሪያ ላይ በቅዝቃዜ ምክንያት ንባቡ ወረደ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። በማግስቱ የጠዋት ስብሰባ ላይም ያንኑ ተናገርኩ። ማንም አልተቃወመም፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ብርዱን ማን ይከራከራል? ስንወጣ ብቻ ሲስተር አልታየች አጠገቤ መጥተው፣ «ብርዱን እኔም አውቀዋለሁ፤ እዚሁ ነው የተወለድኩት» ብለውኝ ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ባለፈው ሳምንት ዶክተር ዘሥላሴ ባሉበት ከቅጹ ሥር ማረሚያ ጽፌያለሁ። «ሲስተር አልታየች እጇ ሙቅ መሆኑን ሁለት ጊዜ ነግረውኝ አልሰማሁም» ይላል። ሲስተር፣ ይህን ለብቻዎ ልነግርዎ እችል ነበር። ያልሰማሁዎ ግን በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታ የምጠይቅዎም በሰው ፊት ይሁን ብዬ ነው።

እንግዲህ ልብ እኛ ዘንድ «ልብ ነኝ» ብሎ አይመጣም። በወሊድ ይመጣል፣ በትርፍ አንጀት ይመጣል፣ ደብረ ሲና ላይ መኪና ተገልብጦ በተሰበረ እግር ይመጣል። መርፌው ከመግባቱ በፊት ያንን መለየት ነው የምማረው። እስክመለስ ቁጥሩ ሲወርድ መጀመሪያ ሰውየውን እዩልኝ። ደረቱን አዳምጡ፣ እጁን ያዙ። የያዘው ሰው የሚላችሁንም ስሙ።

ዙቤዳ ባለፈው ወር ከባለቤቷ ከኢስሀቅና ከልጅቷ ጋር ለክትትል መጥታ ነበር። አዲስ አበባ፣ እኔ በምሄድበት ሆስፒታል የልብ ቀዶ ሕክምና ወረፋ ከያዘች ዓመት ሊሞላት ነው፤ ብዙ መቆየት እንደሌለባት ወረቀቷ ላይ ተጽፏል። ምን ልማር እንደምሄድ ነገርኳት።

«ልቡ የታመመ ሰው ማስተኛት ልትማር?»

«አዎ።»

«እና እኔን ሳትማር ነው ያደነዘዝከኝ?»

ኢስሀቅ መሬት መሬቱን አየ። «አዎ» አልኳት።

«ወላሂ፣ እውነቱን ስለነገርከኝ ሌላ ሰው እንዲነካኝ አልፈልግም። ጨርሰህ እስክትመጣ እጠብቃለሁ» አለችኝ።

ይሄ ነው ያስጨነቀኝ። ሁለት ዓመት የላትም። እንዳትጠብቀኝ ለመንኳት፤ ራሷን ነቀነቀች፣ እሺ ግን አላለችም። የክትትል ክፍል ባልደረቦቼ፣ ወረፋዋ ሲደርስ የጥሪው ስልክ የሚደወለው ለእናንተ ነው። በተደወለ ሰዓት ኢስሀቅን አግኙት። እምቢ ካለች ሲስተር አልታየች ያናግሯት። እሳቸውን ትሰማለች፤ እጇን የያዙት እሳቸው ናቸው።

ለሁላችሁም ጤና ይስጣችሁ። ፈጣሪ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ፣ ተረኛ የሆናችሁ በሰላም እደሩ፣ መብራቱም አይጥፋባችሁ። ለዙቤዳ ደግሞ የምመኝላት እኔ ገና ምንም ሳልማር ለቀዶ ሕክምናው እንድትጠራ ነው። ከግድግዳው ተጠግቼ፣ ሌላ ሐኪም ሲያስተኛት ቆሜ ማየት ይበቃኛል።