ለበቆሎው የታሰበ፣ ለሰው የተረሳ

ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር በረዶ ሆኖ ረግቶ መኪና በላዩ በሚነዳበት በየካቲት ወር፣ አርቪድ ትቬት በረዶው ላይ ባቆማት ጠባብ የእንጨት ጎጆ ውስጥ በረዶውን ሰርስሮ ባበጀው ቀዳዳ አጠገብ ቁጭ ብሎ ዓሣ ይጠብቅ ነበር። ዕድሜው ስድሳ ሁለት የሞላ ገበሬ ነው፤ ሰው አይጠላም፣ ዝምታ ግን ይወዳል። በሩ ሲንኳኳ ቅር እያለው ከፈተ። የባለቤቱ የዶሪን የእህት ልጅ ሌፍ ነው፤ ከተማ ተምሮ፣ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት የደከሙትን እያስነሳ የሚያራምድ ባለሙያ።

«አጎቴ፣ የበረዶ መሰርሰሪያዬ ተሰበረብኝ። ትንሽ ልሙቅ?»

«ኮሌጅ የመሰርሰሪያ አያያዝ አያስተምርም እንዴ? ግባ፣ በሩን ዝጋ!»

ሌፍ እየሳቀ ተቀመጠ። እጁን እያፋተገ፣ «ጎረቤትዎ ሃርላን እኛ ጋ ገባ» አለ።

«ሃርላን? ያ በሬ የሚያህል ሰው?»

«አዎ። ቤቱ ሆኖ በሁለት ዓመት ሕመም ለአስታማሚ ሲከፍል ቁጠባው አለቀ። አሁን ልጆቹ መሬቱን ሊሸጡ ነው።»

«እኔስ አልሰጋም። ባንክ ጥቂት አለኝ፣ በወንዙ በኩል ያለችው ማሳም አለች። ብታመም አስታማሚ ይከፍሉልኛል ብዬ ለኢንሹራንስ ሰዎች በየወሩ ስገፈግፍ ኖሬ አንድ ቀን በእንቅልፌ ብሞትስ? ገንዘቤን ውሃ በላው ማለት አይደል!»

«ይበላዋል፤ አልዋሽዎትም። ግን በረዶ ቢወርድበት ብለው ለበቆሎዎ በየዓመቱ ኢንሹራንስ ይገቡ የለ? በረዶ ሳይወርድ ሲቀር ገንዘቤን መልሱ ብለው ያውቃሉ?»

«ተመስገን እላለሁ እንጂ!»

«ታዲያ እርስዎ ከበቆሎው ያንሳሉ?»

የዚያ አገር ገበሬ ማሳውን ያለ ዋስትና አይተውም፤ የገዛ ጉልበቱ ግን ከቶ የማይነጥፍ ይመስለዋል።

«በቆሎ ሚስት የለውም» አለ አርቪድ። «እናቴን ዘጠኝ ዓመት እቤታችን ጦርናት። ሳንቲም አልወጣብንም።»

«ማን ነበር ከአልጋ የሚያነሳት?»

የምታነሳት ዶሪን ነበረች። እሱ ትራክተር ላይ ነበር። ዶሪን ዛሬ ጫማዋን ለማሰር ግድግዳ ትደገፋለች፤ ጠዋት ጠዋት እያየ እንዳላየ ያልፍ ነበር። አንገቱን ደፍቶ፣ «ታዲያ ምን ይሻላል?» አለ።

«ቁጠባዎን አይተዉት። እኔ የማውቀው ውል ከታመሙ ከሦስት ወር በኋላ ነው መክፈል የሚጀምረው፤ እስከዚያ ቁጠባው ይይዝዎታል፣ ሕመሙ ከረዘመ ኢንሹራንሱ ይቀበላል። በየወሩ የሚከፍሉት ሊጨምር ይችላል፤ አስቀድመው ይጠይቁ። ግን መግባት ያለብዎት ጤነኛ ሳሉ ነው። አክስቴን በጀርባዋ ምክንያት እንቢ ሊሏት ይችላሉ፤ እርስዎ ከገቡ ቁጠባው ለእሷ ይተርፋል።»

እንደተባለውም የኢንሹራንስ ሰዎቹ ዶሪንን እንቢ አሏት፣ እሱን ተቀበሉት። በሚያዝያ አርቪድ የፈረመውን ውል የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አኖረ።

«ደግሞ ትራክተር ገዛህ?» አለች ዶሪን።

«ብወድቅ የሚያነሳኝ ሰው ነው። አንቺ ከእንግዲህ ማንንም አታነሺም። ባንክ ያለውም፣ ማሳውም ላንቺ ይቀመጣል።» ቀጥሎ የሚለው በአርባ ዓመት ትዳር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ እጁን ዘርግቶ እጇን ያዘ። «ስለ እናቴ… ስለ ዘጠኙ ዓመት… አመሰግንሻለሁ።»

ዶሪን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ቀደም ብለህ ብትለው ምን ነበረበት» አለች፤ እጇን ግን ከእጁ አላወጣችም።