ቦዩ ያጠበው ቅባት

ከአርባ ምንጭ፣ ከሲቀላ፣ ወደ ምዕራብ ዓባያ የተነሳው ሚኒባስ መንገድ ላይ ጎማው ባይተነፍስ ኖሮ፣ አቶ ባፈና የሚመጣውን መስቀል ብቻቸውን ይውሉ ነበር። ጎማ ሲተነፍስ ተመስገን የሚል ተሳፋሪ የለም፤ እሳቸውም አላሉም። እንዲያውም የሾፌሩን ዘር ማንዘር በሆዳቸው እያነሱ ነበር የወረዱት።

ወሩ ነሐሴ ነው፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። ተሳፋሪው በሙዝ ማሳው ዳር ተበተነ። አቶ ባፈና ከገበያ የገዙትን አዲስ አካፋ ተደግፈው ለብቻቸው ቆሙ። ሚስታቸው ልክነሽ ካረፈች ወዲህ ሰው መሀል እንኳ ሲሆኑ ዳር ዳሩን መያዝ ለምደዋል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ዘርፈሽ ናት፤ እሷም ደጋ፣ ዶርዜ ተድራለች።

አጠገባቸው መጥታ የቆመች ወጣት ከቦርሳዋ ጠርሙስ አወጣችና ክንዷን፣ አንገቷንና ቁርጭምጭሚቷን ትቀባ ጀመር።

«ልጄ፣ ለማን ነው እንዲህ የምትቆነጂው? እዚህ ያለው ሙዝ ብቻ ነው» አሉ አቶ ባፈና።

«ለቢምቢ ነው አባባ፤ እንዳትቀርበኝ» አለች እየሳቀች። «ሐዊ እባላለሁ። ምዕራብ ዓባያ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። እርስዎም ትንሽ ይቀቡ፣ እጅዎን ይስጡኝ።»

እጃቸውን ወደ ኋላ ሸሸጉ። «ተይኝ ልጄ። ወባ የቆላ ሰው ዕጣ ነው። ደግሞ አጎበር አለኝ። አንድም ቀን ሳልዘረጋው ተኝቼ አላውቅም።»

«ጥሩ ያደርጋሉ። ታዲያ ወባ ይዞዎት አያውቅም?»

ልጅቷ ሳታውቀው ቁስላቸውን ነካችው። ያለፈውን መስቀል ሊውሉ ዶርዜ ወጥተው ነበር። ቤቱ በዘመድ ሞልቶ፣ ቅቤው ፈስሶ፣ ሥጋው ቀርቦ ሳለ ብርድ ብርድ አላቸው። የያዙት ጣሳ ከእጃቸው ወደቀ፤ በሰው ሁሉ ፊት እየተንቀጠቀጡ አስመለሱ። በሽታው እንዳይጋባባቸው ተብሎ ልጆቹ ወደ ጎረቤት ተወሰዱ፤ የልጅ ልጃቸው ኢያኤልም እያለቀሰች ሄደች። አማቻቸው ካሱ ለቀልድ ያህል «አባታችን ከቆላ ስጦታ ይዘውልን መጡ» አለ፤ ሰው ሳቀ። ካሱ ክፉ ሰው አይደለም። ግን አንዳንድ ቀልድ ከስድብ በላይ ያማል። ያን ጊዜ አቶ ባፈና ሁለተኛ በመስቀል ዶርዜን አልረግጥም ብለው ለራሳቸው ማሉ።

«ይዞኝ ያውቃል» አሉ ቀስ ብለው።

«ከመተኛትዎ በፊት ማታ ማታ የት ይሆናሉ?»

«ማሳ ነዋ። የውሃ ተራዬ ማታ ነው። ሲመሽ ቦዩን እከፍታለሁ፣ ሙዙ እስኪጠጣ እዚያው ነኝ።»

«ቢምቢውስ?»

«ጭስ አጨሳለሁ።»

«ውሃ ሊመልሱ ወደ ቦዩ ሲሄዱ ጭሱ ይከተልዎታል?»

«ጭስ ምን እግር አለው!»

«ቢምቢ ግን ክንፍ አላት። አይቀየሙኝና አባባ፣ የእርስዎ አጎበር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኗል። ማሳው ላይ ነክሳዎት ከጠገበች በኋላ ነው የሚዘረጉት።»

ሽማግሌ በልጅ ሲረታ መጀመሪያ የሚያደርገው መቆጣት ነው። አቶ ባፈናም አካፋቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። «ይሄን ቅባትሽን እኮ ሞክሬዋለሁ! አምና ገዝቼ እግሬን እስከ ጉልበቴ ተቀባሁ። ቢምቢዋ እንደ ቅቤ ላሰችው። የከተማ ሰው ሽቶ ሸጦልኝ ነው።»

«ሎሚ ሎሚ ይሸት ነበር?»

«ይሸት ነበር።»

«ጠርሙሱ ላይ በመቶ ስንት ነው ይላል?»

«የጠርሙስ ቁጥር ማን ያነባል? አሽትቼ ነው የገዛሁት።»

«ሽታው ለአፍንጫ ነው አባባ፤ የሚመረጠው በቁጥሩ ነው። ሎሚ ሎሚ የሚሸቱት ብዙዎቹ ቶሎ ይደክማሉ፤ ደጅ ቁጭ ብለው ትንሽ ለሚያወሩ ሰዎች ይበቁ ይሆናል። ለእርስዎ የሚሆነው ዲት የሚባል መድኃኒት ያለበት ነው። እሱም ቢሆን ከመቶ አሥር የሆነው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ከመቶ ሠላሳ የሆነው ግን ማታውን ያቆያል። እና ከተቀቡ በኋላ ወዴት ሄዱ?»

«ወዴት እሄዳለሁ? ጫማዬን አውልቄ ቦዩ ው…»

አልጨረሱትም። ውሃው እስከ ጉልበታቸው ይደርስ ነበር። ቅባቱም የደረሰው እስከ ጉልበታቸው ነው። ሐዊ አልሳቀችም፤ ዓይኗን ወደ ጎማው መለስ አደረገች። የተማረ ሰው ትሕትና የሚለካው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

«ቦዩ አጥቦታል» አሉ አቶ ባፈና ራሳቸው። ቆይተውም ሳቁ። ልክነሽ ከሞተች ወዲህ በራሳቸው ሲስቁ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። «እንግዲያው ከመቶ መቶ የሆነውን ስጪኝ፤ ቢምቢዋ ከነዘሯ ትጥፋ!»

«አረቄ አይደለም እኮ አባባ! ቁጥሩ ሲበዛ የሚረዝመው ሰዓቱ ነው እንጂ ቢምቢዋን አይገድላትም። ከሃምሳ ካለፈ ደግሞ ብዙም አይጨምርም፤ ቆዳ ያቃጥልዎት ይሆናል እንጂ። ሠላሳው ይበቃዎታል። የማይገባበትም አለ፦ ዓይንና አፍ፣ ቁስል፣ ልብስ የሚሸፍነው ገላ። በቅባት እጅዎ ስልክ አይንኩ፣ ፕላስቲክ ያበላሻል። ውሃ ሲገቡ ረጅም ቦት ያድርጉ። ውሃ ወይም ላብ ካጠበው ደግመው ይቀቡ። ቤት ሲገቡ በሳሙና ይታጠቡና አጎበርዎ ውስጥ ይግቡ።»

«አጎበሩንም? ሁለቱንም?»

«አጎበር ለአልጋ፣ ቅባት ለደጅ። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ከሁሉ በፊት ግን ደምዎን ያስመርምሩ። ቅባት ያልገባውን ይከላከላል እንጂ የገባውን አያወጣም። ወባ ከተገኘብዎ ኪኒኑን ተሻለኝ ብለው እንዳያቋርጡት።»

አቶ ባፈና እጃቸውን ዘረጉ። ሐዊ ትንሽ አፈሰሰችላቸው። ሲቀቡ አየቻቸውና «አባቴም እንዲህ ነው፣ ነገር ካልገባው አይቀበልም» አለች።

«የት ነው አገርሽ?»

«ነቀምቴ። አርባ ምንጭ ተምሬ በዚሁ ቀረሁ።»

«መስቀልን ከማን ጋር ትውያለሽ?»

«ቤቴ ነኝ። ለእናቴ ግን ጓደኞቼ ጋ እውላለሁ ብያታለሁ፤ እንዳታዝን ብዬ።»

አቶ ባፈና አንገታቸውን ደፉ። እሳቸውም ለዘርፈሽ «በመስቀል የውሃ ተራ ደርሶኛል፣ አልመጣም» ብለው ነበር። ብቸኛ ሰው ለሚወዳቸው ሰዎች እንዲህ እየዋሸ ይኖራል፤ እነሱም አምነውት ይተዉታል። ያን ምሽት በዚያ መንገድ ዳር ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው፣ አንድ ጠርሙስ ተካፍለው ጎማ እስኪቀየር ጠበቁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማስረዘም አያስፈልግም። አቶ ባፈና ተመረመሩ፤ ወባው ሰውነታቸው ውስጥ ተደብቆ ተገኘ። ኪኒኑን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ዋጡ። ቁጥሩን አንብበው ቅባቱን ከሐዊ መድኃኒት ቤት ገዙ፣ የስልክ ቁጥሯንም ተቀበሉ፤ ቦቱንም አጠለቁ። መጀመሪያ ላይ ጎረቤታቸው ይፍሩ «ባፈና በስተርጅና ሽቶ ጀመረ» እያለ በማሳው ሁሉ አወራባቸው። እሱ ራሱ በወባ ወድቆ የውሃ ተራው ሲያልፈው ግን፣ ሙዙ ሲጠወልግ እያየ «የጠርሙሱ ቁጥር ስንት ነበር?» ብሎ ሊጠይቅ መጣ። አቶ ባፈና አልሳቁበትም፤ ከሐዊ የተማሩት ይህንንም ጭምር ነው። ያደረጉት ነገር ጥቂት ነው፤ ያተረፉት ግን ብዙ ነው። ጉልበታቸው ተመለሰ፣ ማሳቸው ውሃ አልተጓደለበትም፤ ከሁሉም በላይ የሰው ቤት መግባት የማያሳፍራቸው ሰው ሆኑ።

በመስቀል ዶርዜ ወጡ። ቤቱ እንደ አምናው በሰው ሞልቷል። ካሱ እጅ ነስቶ ቦታውን ለቀቀላቸው፤ ዘርፈሽ ደግሞ በየደቂቃው ግንባራቸውን ትነካለች። ትንሿ ኢያኤል ግን ከምሰሶው ኋላ ቆማ በሩቁ ታያቸዋለች።

«አያቴ፣ ዘንድሮ አትንቀጠቀጥም?»

አቶ ባፈና ቅቤ የሞላውን ጣሳ አንስተው ክንዳቸውን ዘረጉ። ጠብታ አልፈሰሰም። ልጅቷ ጣሳውን አየች፣ እጃቸውን አየች፤ ከዚያ ሮጣ መጥታ ጉያቸው ውስጥ ገባች። አቶ ባፈና በጎናቸው ልክነሽ ትቀመጥበት የነበረውን ቦታ አዩና እንባቸው መጣ። እሷ ይህንን ሳታይ አረፈች። በዚያች ሰዓት ምዕራብ ዓባያ፣ በሯን ዘግታ የተቀመጠች አንዲት ልጅም ትዝ አለቻቸው።

ስልካቸውን አወጡ።

«ሐዊ፣ የት ነሽ?»

«ጓደኞቼ ጋ ነኝ አባባ» አለች። ከኋላዋ ድምፅ የለም።

«እኔን እንደ እናትሽ አትዋሺኝ። ዶርዜ በዓሉ ገና አላለቀም። ነገ ጠዋት ከሲቀላ መኪና አለ።»

በስልኩ የአፍንጫ መሳብ ተሰማ።

«ምን ይዤ ልምጣ አባባ?»

«ወፍራም ልብስ» አሉ አቶ ባፈና። «ጠርሙስሽን እዚያው ተይው። እዚህ ቢምቢ የለም።»