ተራው ያልደረሰ ታርጋ
በደርግ ጊዜ ቤንዚን ለመቆጠብ ሲባል መኪና እሑድ እሑድ የሚነዳው በተራ ነበር፤ አንዱን እሑድ ጎዶሎ ቁጥር፣ ሌላውን ሙሉ ቁጥር። ባለቤቴን ምጥ የያዛት በሙሉዎቹ እሑድ ነው። በምንኖርበት በኮልፌ መኪና ያላቸው ጎረቤቶቼ ደግሞ ሁለት ፈረንጆች ናቸው፤ የሁለቱም ታርጋ ጎዶሎ። ጀርመኑ መምህር “ዛሬ ተራዬ አይደለም፤ ፈቃድ ላምጣ” ብሎ በእግሩ ወደ ቀበሌ ሮጠ። ባለጋራዡ ጣሊያን ሳቀበትና፣ ከተበላሸ መኪና ላይ ሙሉ ታርጋ ነቅሎ የራሱ ላይ በሽቦ አሰረ። “ግቢ ሲኞራ” አላት።

ጦር ኃይሎች ስንደርስ ወታደሮች አስቆሙን። አንዱ ታርጋውን በጫማው ነካ ቢያደርገው ወደቀ። ጣሊያኑ ሲለማመጥ፣ ባለቤቴ ስታቃስት፣ ጀርመኑ ማኅተም ያለበትን ወረቀት የራሱ መኪና መስታወት ላይ ለጥፎ ከተፍ አለ። ቅድም ስረግመው እንዳልነበር እየመረቅሁት መኪናው ውስጥ ገባን። ምርቃቴን ሳልጨርስ፣ ጭር ያለ መንገድ ላይ፣ ቀይ መብራት በራና ቆመ።

“ይለፉ እንጂ ሚስተር፣ ማን አለ?”

“ፈቃዱ እሑድ ንዳ ይላል እንጂ ቀይ እለፍ አይልም” አለኝ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ።

አረንጓዴ እስኪበራ ጠበቀ። ልጄ ግን አልጠበቀችም።