በፊውዝ ፋንታ የገባው ምስማር

ነገሩ ከመለወጡ በፊት ሁኔታው እንዲህ ነበር። የካሳው አሮጌ ሚኒባስ በቅድስት አገር፣ በፔታሕ ቲክቫ ከተማ ኤን ጋኒም ሠፈር፣ ከአንድ ጅምር ሕንፃ አጠገብ ቆማለች። ዕድሜዋ አሥራ አራት ዓመት ነው። ከመሪዋ በታች ስምንት የፊውዝ ቦታዎች በተርታ ይታያሉ። በሰባቱ ላይ ቀጭን ብረት የተለበጠባቸው ትንንሽ ሸክላዎች ተሰክተዋል። በስምንተኛው ላይ የተሰካው ግን አናቱ የተቆረጠ ምስማር ነው። ዕለቱ ዓርብ፣ ጊዜው የ1985 የፈረንጆች ዓመት ማለቂያ ሲሆን፣ ሰንበት ሊገባ አራት ሰዓት ያህል ቀርቶታል።

ምስማሩን የሰኩት የካሳው አማት አባ ዋኘው ናቸው። በጎንደር አገር ሠላሳ ዓመት ማረሻ ቀጥቅጠዋል። ፔታሕ ቲክቫ ከገቡ ወዲህ ግን የአማቻቸውን መኪና ከመጠገን በቀር እጃቸው ሥራ አላገኘም። ካሳው በየማለዳው ዘጠኝ ሴቶችን ወደ ልብስ ማጠቢያ ፋብሪካ ያደርሳል። ከዘጠኙ አንዷ የአባ ዋኘው ልጅ፣ የካሳው ሚስት አምሳለች ናት፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ያ ስምንተኛ ፊውዝ እየተቃጠለ የኋላ መብራት ይጠፋ ነበር። አባ ዋኘው ልብ ብለው ሲከታተሉ፣ መኪናዋ ባዶዋን ስትሄድ ምንም አትሆንም፤ ሴቶቹ ሲሳፈሩ ግን ይቃጠላል። ከዚህም ሁለት ነገር ደመደሙ፤ ፊውዙ ደካማ ነው፣ ከሴቶቹም አንዷ ዓይነ ክፉ ናት። ጥርጣሬያቸው ያረፈው ከሦስት ሳምንት በፊት በተጨመረችው በደባሽ ላይ ነበር። ረቡዕ ምስማሩን ሰኩ። ሐሙስ ጠዋት ካሳውን «ከእሑድ ጀምሮ ደባሽን አትጫን» አሉት። ሐሙስ ማታ መኪናዋ ስትመለስ ግን የተቃጠለ ጎማ ሸተታቸው። ለማንም አልተናገሩም፤ ሌሊቱንም ዓይናቸው አልተከደነም።

ዓርብ ቀን የመኪናዋን በር ከፍተው ደግመው ሲያሸቱ፣ የአገራቸው ሰው ልጅ ሹሜ የሰንበት ዳቦ ይዞ በዚያ ሲያልፍ አያቸው። ሹሜ የመኪና ኤሌክትሪክ ተምሮ በአንድ ጋራዥ የሚሠራ ወጣት ነው።

«ሰንበት ሰላም አባ ዋኘው። ምንድን ነው የሚሸተው?»

«የጎረቤት ድስት ነው።»

«ጎማ የሚቀቅል ጎረቤት አለዎት?»

አባ ዋኘው አልሳቁም። ሹሜ ዳቦውን አኑሮ ከመሪው ሥር አጎነበሰ፤ ምስማሩንም ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ከምስማሩ ጀርባ ያለው የሽቦው ልባስ እንደ ሰም ቀልጦ ወርዷል።

«ይህን የሰካው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። የእነሱ ፊውዝ የሸረሪት ድር ነው፤ ደካማውን በጠንካራ ተካሁት። የቀጠቀጥሁት ማረሻ አንድም ቀን ተመልሶ መጥቶብኝ አያውቅም።»

«ይቅርታዎን አባ፤ እኔ የማረሻ ነገር አላውቅምና ልጠይቅዎ። በሬዎቹ እየጎተቱ ማረሻው ድንጋይ ሲነክስ፣ አስቀድሞ የሚበጠሰው ምንድን ነው?»

«ምራኑ ነዋ፤ ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስረው ጠፍር።»

«ታዲያ ለምን የብረት ምራን አልሠሩላቸውም?»

«አንተ! ምራን ብረት ቢሆን ሞፈሩ ይሰነጠቃል፤ በሬውም ይጎዳል። ምራንማ የሚበጠሰው ሌላው እንዲተርፍ...»

አረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ሠላሳ ዓመት የሚያውቁት እውነት በማያውቁት ዕቃ ውስጥ ተሰውሮ ኖሯል። ሰው በአንዱ ሙያ ብልህ ሲሆን በሌላውም ብልህ የሆነ ይመስለዋል፤ የአባ ዋኘውም ስሕተት ይኸው ነበር።

«እሺ፣ ፊውዙስ ይሁን» አሉ ድምፃቸው እየቀነሰ። «የሚበጥሰውስ? ሴቶቹ ሲሳፈሩ ብቻ ነው። ዓይን አለበት ልጄ።»

«ያዩት እውነት ነው አባ፤ የደመደሙት ግን ቸኩለው ነው። ሴቶቹ ይዘው የሚሳፈሩት ዓይን ብቻ ነው? ክብደትስ የላቸውም? ያላ፣ ይነሡ፤ ዓይን የሌለው ጭነት እንጫንና እንይ።»

ሹሜ ምስማሩን ነቅሎ በቦታው ባለ ሁለት ገመድ ትንሽ አምፖል አሰረ። የኋላ መብራቶቹንም አምፖሎች ሁሉ አወጣ። «አሁን ይህቺ አምፖል ልትበራ አይገባትም። ከበራች፣ ኤሌክትሪኩ መንገዱን ስቶ የመኪናዋን ብረት ነክቷል ማለት ነው» አለ። መብራቱን ቢያበራው አምፖሏ ጨለማ ሆና ቀረች።

የጅምሩን ሕንፃ ዘበኛ አስፈቅደው ባለ ሃምሳ ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢት መጫን ጀመሩ። በአምስተኛው ምንም የለም። በስድስተኛውም የለም። በሰባተኛው የመኪናዋ ጀርባ ዝቅ ሲል አምፖሏ ብልጭ ብላ ጠፋች። ስምንተኛውን ሲጭኑ በራች፤ አልጠፋችም።

በዚያው ጊዜ ከኋላቸው የሴት ድምፅ ተሰማ። «እኔ ብከለከል በቦታዬ ሲሚንቶ ተሳፈረ? ከእኔ ይልቅ ዝም ስለሚል ነው መሰለኝ!»

ደባሽ ነበረች። ነጠላዋን አደግድጋለች፤ አፏ ይቀልዳል፣ ዓይኗ ግን አልቅሷል። «ወደዚያ ፋብሪካ በዚያ ማለዳ አውቶቡስ የለም። እሑድ ካልገባሁ ሥራዬ ለሌላ ይሰጣል። ካሳው ምክንያቱን አልነገረኝም፤ ምን አጥፍቼ ነው አባ?»

አባ ዋኘው መልስ ሳይሰጧት ሹሜ የባትሪውን ገመድ ፈትቶ ከሥር ገባ። «አባ፣ ይምጡ ይዩ» አለ። ድምፁ ቀልድ አልነበረበትም።

አባ ዋኘው በሆዳቸው ተኝተው አዩ። ከኋላው ጎማ በላይ ባለው የብረት ጠርዝ፣ መኪናዋ ስትከብድ ሽቦው ይጨፈለቃል፤ ዘጠነኛ ሰው ከተጨመረ ወዲህ እንዲህ ሲፋቅ ከርሟል። ልባሱ አንድ የጣት አንጓ ያህል ተፍቆ መዳቡ ተራቁቷል። ከመዳቡ እስከ ቤንዚኑ ጎማ ቱቦ አባ ዋኘው በጣታቸው ለኩ፤ አራት ጣት። ከዚያ በላይ ምን እንዳለም ያውቃሉ፤ የአምሳለች ወንበር ነው።

«ፊውዝ ቢሆን ኖሮ ይበጠስና መብራት ይጠፋል፤ ጉዳቱ ያ ብቻ ነው» አለ ሹሜ። «ምስማሩ ግን አይበጠስም። ስለዚህ ሽቦው ራሱ ይግላል፤ የሸተተው እሱ ነው። እሑድ ወዴት ይደርስ እንደነበር አላውቅም።»

አባ ዋኘው ከሥር ወጡ። የመኪናዋን በር ይዘው ቆሙ።

«ደባሽ፣ የከለከልሁሽ እኔ ነኝ። ዓይንሽ ፊውዙን የሚያቃጥል መስሎኝ ነው። አገራችን ሳለን ብረት ቀጥቃጭ ነው ብለው ቡዳ ይሉኝ ነበር፤ ልጆቻቸውን ከፊቴ ይሸሽጉ ነበር። ያን ቃል ጠልቼው ኖሬ፣ እዚህ መጥቼ በአንቺ ላይ አዋልሁት። ይቅር በይኝ።»

«የእኔ ዓይን» አለች ደባሽ፣ «በመርፌ እንኳ ክር አያስገባም። ብረት ያቀልጣል ብለው ስላከበሩልኝ እግዜር ይስጥልኝ።» ቀጥላም ቃሏን አጠነከረች፦ «ይቅር ብያለሁ አባ። ግን ለካሳው ዛሬውኑ፣ በእኔ ፊት ይንገሩት።»

በፊቷ ነገሩት።

ሹሜ የተጎዳውን ሽቦ ሁሉ አውጥቶ አዲስ ዘረጋ። በወፍራም የጎማ ቱቦ ውስጥ አሳልፎም ከቤንዚኑ መስመር አርቆ አሰረው። የመሞከሪያዋን አምፖል መልሶ ሰካ፤ ባትሪውን አገናኘ፤ አሥር ከረጢት ጫኑ። አምፖሏ አልበራችም። አባ ዋኘው ግን «ገና ነው» ብለው የመኪናዋን ጀርባ በሁለት እጃቸው እየተጫኑ ሃያ ጊዜ ወዘወዙት። አምፖሏ አሁንም ጨለማ ናት። የኋላ መብራቶቹን አምፖሎች መልሰው ባለ ስምንት አምፔሩን ነጭ ፊውዝ ሲሰኩ ሰንበት ሊገባ ሃምሳ ደቂቃ ቀርቶ ነበር።

እሑድ ማለዳ አባ ዋኘው ሴቶቹን ከመሳፈራቸው በፊት አቆሟቸው። «ስሙኝ። ፊውዝ ሲቃጠል ሥራውን ሠርቷል፤ አትርገሙት። ሲደጋግም ሰው አትክሰሱ፤ መቼ እንደሆነ፣ ምን ያህል ተጭኖ እንደሆነ፣ ዝናብ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የሚሸት ነገር ካለ ወዲያው ተናገሩ፤ እኔ አንድ ሌሊት ዝም በማለቴ ዘጠኝ ነፍስና በማሕፀን ያለውን ላጣ ነበር።» ከዚያም ደባሽን እጇን ይዘው አሳፈሯት።

ከዚያ እሑድ እስከ ፋሲካ ዋዜማ ሚኒባሷ ሰማንያ ሦስት ጠዋት ተመላለሰች። በየካቲት አንድ ቀን ውኃ በኋላ መብራት ውስጥ ገብቶ ፊውዙ ተቃጠለ። አባ ዋኘው አዲሱን የሰኩት ውኃው የገባበትን ቀዳዳ አግኝተው ከደፈኑ በኋላ ነው። በሰማንያ ሦስቱ ጠዋት የተቃጠለው ያ አንድ ፊውዝ ብቻ ነበር።