የዘርፌ የውሃ ሰደርያ

(አዳማ፣ መንገድ ዳር ባለች የልብስ ስፌት ቤት በረንዳ፤ ሐሙስ ጠዋት። ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ ደብሪቱ መነጽሯን አድርጋ በእርሳስ የተሳለ ወረቀት ታገላብጣለች፤ ጎረቤቷ ዘርፌ ከሩጫ መልስ በቱታ ሆና ላቧን እየጠረገች ቆማለች።)

ደብሪቱ፦ እልልልል! እሰይ የኔ እመቤት፣ እንኳን ደስ ያለሽ!

ዘርፌ፦ በምኑ?

ደብሪቱ፦ ደግሞ ከኔ ትደብቂያለሽ? ሕሊና አረገዘች አይደል! ስንት ወሯ ነው?

ዘርፌ፦ ኧረ እትዬ! ማን ነገረሽ?

ደብሪቱ፦ ወረቀትሽ ነዋ። የአንቀልባ ሥዕል ይዘሽ መጥተሽ ማን ነገረሽ ትያለሽ? ይኸው፣ በዚህ በኩል ትከሻ ላይ ይገባል፣ እዚህ ወገብ ላይ ይታሰራል። ግን ቆይ… አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራት ናቸው እንዴ?

ዘርፌ፦ ምኖቹ?

ደብሪቱ፦ ልጆቹ ናቸዋ! ምስኪን ሕሊና፣ ያቺ ቀጫጫ! አራት በአንዴ የት አድርጋ ያዘቻቸው?

ዘርፌ፦ እትዬ ደብሪቱ፣ ልጄ አላረገዘችም። ሐዋሳ ቁጭ ብላ ድመት ነው የምታሳድገው።

ደብሪቱ፦ ታዲያ እዚህ ውስጥ ምንድን ነው የሚታዘለው?

ዘርፌ፦ ውሃ።

ደብሪቱ፦ ውሃ?

ዘርፌ፦ የሚጠጣ ውሃ። ስሮጥ እየጠጣሁ እንድሄድ። ሴቶች ለብሰውት ሲሮጡ ስልክ ላይ አየሁና በእርሳስ ገለበጥኩት።

ደብሪቱ፦ አይ እጅሽ! ይሄ ከትከሻው የተንጠለጠለውስ? እኔ የልጁ እግር መስሎኝ።

ዘርፌ፦ ቱቦ ነው። ሳይቆሙ በሱ እየመጠጡ ነው የሚሄዱት።

ደብሪቱ፦ ጡጦ በይኛ። ያን ያህልም አልተሳሳትኩም፤ ሕፃኗ አንቺ ነሽ።

ዘርፌ፦ ሳቂ። እኔ ግን እስከ እሁድ ካላደረስሽልኝ አለቀልኝ።

ደብሪቱ፦ እሁድ ምን አለ?

ዘርፌ፦ ረጅሙ ሩጫ ነዋ። አሯሯጫችን ሲስተር አምሳለ ትናንት በሃያ ሴት ፊት ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? «ዘርፌ፣ እሁድ አንድ ጊዜ ከቆምሽ ከሰኞ ጀምሮ የዘንግ ቡድን ነሽ።»

ደብሪቱ፦ የዘንግ ቡድን ደግሞ የቱ ነው?

ዘርፌ፦ እነ እማማ ወለቴ። ዘንጋቸውን ይዘው እስከ ቤተክርስቲያኑ አጥር ደርሰው የሚመለሱት።

ደብሪቱ፦ መልካም ቡድን ነው። ዳቦ ቋጥረው ነው የሚሄዱት።

ዘርፌ፦ እትዬ፣ የምሬን ነው! ገና ሃምሳ ዓመቴ ነው። ሕሊና ካገባች ወዲህ ጠዋት ከአልጋዬ የሚያስነሳኝ የሲስተር አምሳለ ፊሽካ ብቻ ነው። እሱ ከቀረ ጣሪያ ሳይ ነው የሚረፍደው።

ደብሪቱ፦ አትቁሚያ ታዲያ! ለአንድ ቀን ሳትጠጪ ሩጪ።

ዘርፌ፦ ኩላሊቴስ? ሐኪሙ በየሩብ ሰዓቱ ተጎንጪ ብሎኛል። ያ ጠጠር ከተመለሰ ሩጫ ቀርቶ መቀመጥም የለ። ስጠጣ ልቆም ነው፤ ስቆም ልባረር ነው።

ደብሪቱ፦ ጠርሙስ በእጅ መያዝ ተከልክሏል?

ዘርፌ፦ ሞከርኩት። በአንድ ጎኔ ተጣምሜ ስሮጥ ባጃጁ ሁሉ «እማማ፣ ላድርስዎት?» ይለኛል። ባለፈው እሁድ ደግሞ መቀነት ታጥቄ እሱ ውስጥ ሸጎጥኩት።

ደብሪቱ፦ በቱታ ላይ መቀነት?

ዘርፌ፦ ምን ላድርግ? እናቶቻችን ስንቱን ይዘውበት የለ? አደባባዩ ጋ ስንደርስ ተፈታ። ጠርሙሱ ተንከባለለ፤ ከኋላዬ የነበረችው የዓለምወርቅ ረገጠችውና በደረቷ ተደፋች።

ደብሪቱ፦ ውይ! ለዚያ ነው የምታነክሰው? እኔ ሪህ መስሎኝ የቅባት ስም ነግሬያታለሁ።

ዘርፌ፦ እየተቀባች ነው። «ደብሪቱ እጇ ያድናል» ስትል ነበር።

ደብሪቱ፦ እንዳትነግሪያት። ቆይ ግን፣ ይሄ ሁሉ መከራ ለምን መጣ? እኔ እዚህ በረንዳ ላይ በየቀኑ ጆግ ሙሉ ውሃ አስቀምጥልሽ የለም ወይ? አንድ ብርጭቆ ጨልጠሽ መሄድ ነው።

ዘርፌ፦ እሱማ ነው ዋናው የተከሰስኩበት። ሲስተር አምሳለ ሰዓት ይዛብኛለች። «አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ አሥራ ሰባት ደቂቃ» ብላ በሰው ፊት ከደብተር አነበበችው።

ደብሪቱ፦ ቀስ ብሎ መጠጣት ለኩላሊት ጥሩ ነው።

ዘርፌ፦ በረንዳሽንማ ስም አውጥተውለታል፤ «የደብሪቱ ጣቢያ» ነው የሚሉት።

ደብሪቱ፦ ምን ያርጉ? አንቺን ሲጠብቁ እግራቸው ስለሚያርፍ ሊያመሰግኑኝ ሲገባ! ለዚህ ነዋ ዛሬ ፊትሽን አዙረሽ ሽው ብለሽ ያለፍሽው። ጆጉ ሞልቶ ቀረ።

ዘርፌ፦ አየሽኝ?

ደብሪቱ፦ ያን ቀይ ቱታ ከናዝሬት እስከ ሞጆ ያለ ሰው ሁሉ ያየዋል።

ዘርፌ፦ እትዬ፣ ቅር አለሽ እንዴ?

ደብሪቱ፦ ማን፣ እኔ? ውሃ ተረፈኝ እንጂ ምን ቅር ይለኛል። ለማንኛውም ሰደርያሽን የምሰፋበት ጊዜ የለኝም። የሠላሳ ልጆች ዩኒፎርም ተከምሮብኛል።

ዘርፌ፦ ትምህርት የሚከፈተው ከወር በኋላ ነው።

ደብሪቱ፦ የሚለጠጥ ጨርቅም የለኝ።

ዘርፌ፦ ይኸው፣ የድሮ ቱታዬን ይዤ መጥቻለሁ። እሱን ፍቺው።

ደብሪቱ፦ የስፌት መኪናዬ ቺንጋ ላልቷል።

ዘርፌ፦ አሁን ስገባ እየተንጣጣ ሲሰፋ አልነበር?

ደብሪቱ፦ ቀጥ ያለ ስፌት ነዋ። ይሄ ያንቺ ኩርባ ይበዛዋል።

ዘርፌ፦ የሰደርያው ነው የኔ?

ደብሪቱ፦ የሁለታችሁም። ነይ እስቲ፣ ጠጋ በይ፤ ሜትሩን ላዙርበት። እሰፋለሁ አላልኩም፤ ልየው ብቻ። እጅሽን አንሺ። አራት ጠርሙስ ነው ያልሽው?

ዘርፌ፦ አራት። ባለ ግማሽ ሊትሮቹን።

ደብሪቱ፦ ሁለት ሊትር ማለት ሁለት ኪሎ ነው። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ገዝተሽ ባጃጅ የምትይዢ ሴት፣ ሁለት ኪሎ አዝለሽ ነው የምትሮጪው?

ዘርፌ፦ ሽንኩርቱ አይጠጣማ። ውሃው እየሄድኩ ይቀላል።

ደብሪቱ፦ ሁለት ይበቃሻል። የትና የት ነው የምትፈልጊው?

ዘርፌ፦ ሥዕሉ ላይ ሁለቱ ደረት ላይ ናቸው።

ደብሪቱ፦ ደረትሽ ላይ ቦታ የለም፤ ተይዟል። ስትሮጪ አራቱም በየራሳቸው ሲዘሉ ፖሊስ ነው የሚያስቆምሽ።

ዘርፌ፦ ሃሃሃ! በይ ጀርባዬ ላይ አድርጊው።

ደብሪቱ፦ በምን እጅሽ ልታወጪው? የጡት መያዣሽን እንኳ ወደ ፊት አዙረሽ ቆልፈሽ አይደል መልሰሽ የምትገፊው?

ዘርፌ፦ አንቺስ?

ደብሪቱ፦ እኔም። ለዚህ ነው የማውቀው። ቱቦውንም እርሺው፤ ከየት ይመጣል? ከሐኪም ቤት ግሉኮስ? ይልቅ ስሚኝ፤ የመቀነቱ ሐሳብሽ ጥሩ ነበር፣ አስተሳሰርሽ ነው የጣለሽ። ወገብሽ ላይ ሰፋ ያለ ጥብቅ ጨርቅ ከሰደርያው ጋር አያይዤ እሰፋዋለሁ፤ ቁርጥ መቀነት አስመስዬ። ጠርሙሶቹ ግራና ቀኝ፣ ከዳሌሽ በላይ፣ አንገታቸው ወደ ፊት ጋደል ብሎ። እጅሽን ስትልኪ ራሱ ይመጣልሻል።

ዘርፌ፦ ሲጎድል አይንቦጫረቅም?

ደብሪቱ፦ ይንቦጫረቅ እንጂ አይዘልም። የኪሱ አፍ ላይ ላስቲክ አስገባለሁ፤ አንገቱን አንቆ ይይዘዋል። ከውስጥ ገበር አደርግለታለሁ፣ ላብሽን እንዲጠጣና እንዳይፍቅሽ። ብብትሽ ሥርም ስፌት አላሳልፍም፤ እሱ ነው ሴትን የሚያቆስላት። ይሄን የሳለው ወንድ መሆን አለበት።

ዘርፌ፦ የሳልኩት እኔ ነኝ።

ደብሪቱ፦ መጀመሪያ የሳለውን ነው የምልሽ። አትነቅነቂ።

ዘርፌ፦ እንዴት ደስ ይላል እትዬ! አየሽ፣ ስትጀምሪው እኮ ታውቂበታለሽ። መቼ ልውሰደው?

ደብሪቱ፦ ሰኞ።

ዘርፌ፦ ሩጫው እሁድ ነው አልኩሽ እኮ!

ደብሪቱ፦ ሰምቻለሁ። ሰኞ ይደርሳል።

ዘርፌ፦ ሰኞማ ከእማማ ወለቴ ጋር ዳቦ እየገመጥኩ ነኝ! ሰኞ ምን ያደርግልኛል?

ደብሪቱ፦ እማማ ወለቴ በዚህ በኩል ነው የሚያልፉት። ቆም ብለው «እንዴት አደርሽ» ይሉኛል። ፊሽካ የለ፣ ሰዓት የሚይዝ የለ።

ዘርፌ፦ እንዲህ ነው ለካ።

ደብሪቱ፦ እንዴት ነው?

ዘርፌ፦ ሆን ብለሽ ነው።

ደብሪቱ፦ እኔ ምን አልኩ? ልብስ ሰፊ ቀን መቅጠር መብቱ ነው። እናንተ ጠዋት ካለፋችሁ በኋላ እስከ ምሳ ድረስ የሚያናግረኝ ይሄ መኪና ነው፤ እሱም ክር ሲበጥስ ብቻ። ቀና በይ፣ ትከሻሽን ልለካ።

ዘርፌ፦ እትዬ።

ደብሪቱ፦ አቤት።

ዘርፌ፦ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን እንዳትስቂብኝ።

ደብሪቱ፦ አፌ ስፒል ይዟል፤ ብስቅ እወጋለሁ።

ዘርፌ፦ ስንሮጥ ከቤተክርስቲያኑ በር ተነስተን አንቺ ጋ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅብናል?

ደብሪቱ፦ እኔ በምን አውቄ?

ዘርፌ፦ አራት። በአራት ደቂቃ ማን ይጠማዋል?

ደብሪቱ፦ ማንም።

ዘርፌ፦ ጥሙ የሚመጣው ከአደባባዩ በኋላ ነው። እዚያ ስደርስ ደግሞ ሱቅ ፈልጌ እንደገና እቆማለሁ። እዚህ አንድ ቀን ጠምቶኝ ቆሜ አላውቅም።

ደብሪቱ፦ ታዲያ ውሃዬን ለምን ትጨርሺዋለሽ?

ዘርፌ፦ ዝም ብዬ መጥቼ ብገተር ምን ልትይኝ?

ደብሪቱ፦ ቁጭ በይ እልሻለኋ።

ዘርፌ፦ ይኸው፣ አሁን ነገርኩሽ።

ደብሪቱ፦ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይጠማሽ ስታጠጪ የከረምሽው ኩላሊት ምን ይልሻል አሁን?

ዘርፌ፦ ያመሰግንሻል።

ደብሪቱ፦ ስፒሉን ተቀበይኝ። ልናገር ነው።

ዘርፌ፦ ይኸው፣ ያዝኩት።

ደብሪቱ፦ ቅዳሜ ከሰዓት ነይ፣ ይደርሳል። እሁድ ስታልፊ ደግሞ ወደዚህ ዞር እንዳትዪ። እኔም ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምቀመጠው። ያቺ ሲስተር አምሳለ ባዶ ደብተሯን ይዛ ትግባ።

ዘርፌ፦ እግዜር ይስጥሽ እትዬ! እጅሽን ልሳመው?

ደብሪቱ፦ ላብሽን ጥረጊ መጀመሪያ። ገና አልጨረስኩም። ቅዳሜ ይለካል። እሁድ ሮጠሽ ስትመለሺ፣ ታጠቢና ከሰዓት መልሰሽ አምጪው፤ የት ጋ እንደፋቀሽ ማየት አለብኝ።

ዘርፌ፦ እሺ።

ደብሪቱ፦ ማክሰኞ ላስቲኩ ለቆ እንደሆነ ይታያል። ሐሙስ ገበሩ ሰብስቦ እንደሆነ። ቅዳሜ ደግሞ አንቺ ከስተሽ እንደሆነ እንደገና ይለካል።

ዘርፌ፦ ቆይ፣ ቆይ! በሳምንት አራት ጊዜ?

ደብሪቱ፦ ከሩጫ በኋላ ነው። የሴትዮዋ ፊሽካ ልብስ ልኬት ላይ አይሠራም።

ዘርፌ፦ የሕሊናን ቬሎ እንኳ ሁለቴ ብቻ ነው የለካሽው።

ደብሪቱ፦ ቬሎ ውሃ አይሸከምም።